ሳያመን ለምን እንመረመራለን? ሀዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። እነዚህን ጥያቄዎች ግፊት ስለካ፣ ሰፈር ውስጥ ቡና ስንጠጣ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ ሰዎች ጠይቀውኛል። ጥያቄዎቹን በጠየቁኝ አነጋገር ጽፌያቸዋለሁ። መልሱም ፊት ለፊት ብንገናኝ የምነግራችሁ ነው።

ምንም አያመኝም። ለምን ብዬ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ?

«እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል የለም። አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ እንኳ በዚያው ነው የሚጀምረው። ምስጋናው መልካም ነው፣ እኔም እንዲሁ ነው የምመልሰው። ነገር ግን የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የማህፀን በር ካንሰር መነሻ፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ሰውየው በእውነት ደህና እንደሆነ እየተሰማው ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ይጎዱታል። ግፊት አያምም። ደም ከልክ በላይ እየገፋ ሲሄድ የልብ ጡንቻ ይወፍራል፣ የኩላሊት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይጠፋሉ፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ሥራው ላይ ነው። «ራሴን አያመኝም፣ ስለዚህ ደም ብዛት የለብኝም» የሚል ሰው የማላገኝበት ሳምንት የለም።

የእናቴ ወንድም በሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ጠንካራ ሰው ነው፣ ታሞ ተኝቶ አያውቅም። በ51 ዓመቱ አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ አፉም ተሳሰረ። ሆስፒታል ስናደርሰው ግፊቱ 210 በ120 ነበር። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ስንት ነበር?» ብሎ ሲጠይቀን ሁላችንም ዝም አልን፣ ተለክቶ አያውቅም ነበርና። እኔ ያኔ የነርስነት ተማሪ ነበርኩ። የግፊት መለኪያ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ፋሲካን፣ እንቁጣጣሽን ከአንድ መሶብ በልተናል፤ አንድም ቀን «ጋሼ፣ እስቲ እጅህን» አላልኩትም። ዛሬ በሕይወት አለ፣ ከዚያ ወዲህ ግን መሪ ጨብጦ አያውቅም። ይህን ሁሉ የምጽፈው በዚያ ጠዋት ምክንያት ነው።

«ሙሉ ምርመራ» የሚባለውን ፓኬጅ ልክፈልና ልገላገል?

አይቸኩሉ። ብዙ ነገር መመርመር ብዙ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 17 ጥናቶች አንድ ላይ የመዘነና እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰ ግምገማ አለ። ጤነኛ አዋቂዎችን በጅምላ መመርመር ብቻውን የሞትን ቁጥር እምብዛም እንደማይቀንስ ነው ያገኘው። ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ጥናቶቹ የተሠሩት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ነው፤ እዚያ ሰው ለጉንፋን ሐኪም ዘንድ ሲሄድም ግፊቱ ይለካል። እኛ ጋ አርባ ዓመት ሞልቶት እጁ ላይ የግፊት መለኪያ አስሮ የማያውቅ ሰው በየቀኑ አገኛለሁ። እንግዲህ ቁም ነገሩ ለዕድሜዎና ለቤተሰብ ታሪክዎ የሚሆኑትን ጥቂት ምርመራዎች መርጦ በጊዜያቸው ማድረግ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ትኩሳት የሌለው ሰው «ለቼክአፕ» ብሎ የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራ አያስፈልገውም። እነዚያ ምርመራዎች የሚያዩት ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ ድሮ ያለፈ ሕመምም፣ ሌላ ሕመምም «ፖዘቲቭ» ሊያስብላቸው ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ያልታመሙትን በሽታ መድኃኒት ደጋግመው የዋጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራም ምንም ስሜት ለሌለው ሰው የመጀመሪያ ጉዳይ አይደለም። ለፓኬጅ ከመክፈልዎ በፊት «ይህ ምርመራ እኔ ላይ የሚፈልገው በሽታ ምንድን ነው? ቢገኝብኝስ ምን ይደረግልኛል?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለ ገንዘብዎን ይያዙ።

ታዲያ በስንት ዓመቴ ምኑን ልመርመር?

ከ18 ዓመት ጀምሮ ግፊት። ወጣት ከሆኑና ልኬቱ ደህና ከሆነ በ3 ወይም በ4 ዓመት አንዴ ይበቃል፤ 40 ከሞላዎት፣ ከወፈሩ ወይም ወላጅዎ ግፊት ካለበት በየዓመቱ። ክብደትንና የወገብ ዙሪያን በዚያው ማየት ነው።

ስኳር ከ35 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ይጀመር። ቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ከነበረ ወይም ሆድ አካባቢ ውፍረት ካለ ከዚያም ቀደም ይላል። ደህና ከተባሉ በ3 ዓመት ይድገሙት። የኮሌስትሮል ምርመራ 40 ላይ ቢደረግ ጥሩ ነው፣ ግፊትና ስኳር ላለባቸው ደግሞ ሳይዘገይ።

ዓይንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግላኮማ ከዳር ጀምሮ እይታን ስለሚበላ ሰው ሳያውቀው ይሄዳል፣ የጠፋው እይታም አይመለስም። ከ40 በኋላ፣ በተለይ ከወላጅ ወይም ከወንድም እህት በዚህ በሽታ ዓይኑ የጠፋ ካለ፣ የዓይን ግፊት ማስለካት ተገቢ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በየዓመቱ የዓይን ውስጥ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ አዋቂ እመክራለሁ። መከላከያው ለሕፃናት አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ነጻ ከሆኑ ለመከተብ ይጠይቁ፤ ካለብዎት ክትትል አለ፣ የትዳር ጓደኛና ልጆችም ይመረመራሉ። ኤችአይቪንም ከማግባት በፊት፣ በእርግዝና ጊዜ፣ የሚያሰጋ ነገር ካጋጠመ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር ነው።

ወንዶች ስለ ፕሮስቴት (ከሽንት ፊኛ በታች ስላለው የወንዶች ዕጢ) ካንሰር ሲጠይቁኝ ከ50 በኋላ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው እንዲወስኑ እነግራቸዋለሁ፤ የደም ምርመራው ያለ በሽታ ከፍ ሊል ይችላልና ለብቻው አይታመንም።

አንድ ቀን ለክተውኝ ከፍ አለብህ አሉኝ። ግፊት አለብኝ ማለት ነው?

ላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም ታችኛው 90፣ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ አዎ። በአንድ ቀን ልኬት አይፈረድም። ከመናኸሪያ ሮጠው መጥተው፣ በረካ ጠጥተው፣ ሽንት ይዘውዎት፣ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር እያወሩ ከተለኩ ቁጥሩ መዋሸቱ አይቀርም። ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ጫት ይቅር። 5 ደቂቃ ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን መሬት ላይ አሳርፈው፣ ሳያጣምሩ ይቀመጡ። ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ እጅጌ ላይ አይታሰር። ለኪው ቸኩሎ ካሰረዎት «ትንሽ ልረፍ» ማለት መብትዎ ነው፣ እኛ አንቀየምም።

ቤት ውስጥ መለኪያ ለመግዛት ካሰቡ የእጅ አንጓውን ትተው የላይ ክንዱን ይግዙ። ቁጥሩ 180 በ120 ደርሶ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከእጅ መዛል ወይም ከአፍ መያዝ ጋር ከመጣ ግን ልድገመው አይበሉ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መድኃኒት ተጀምሮ «ወረደልኝ» ብለው የሚያቆሙ ሰዎች ልቤን ይሰብሩታል። የወረደው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው።

ለስኳር ምርመራ በባዶ ሆድ ስትሉ እስከ ስንት ሰዓት ነው?

ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ። ውሃ ይቻላል፤ ሻይና ቡና አይቻልም፣ ያለ ስኳርም ቢሆን። ማታ 2 ሰዓት ራት በልተው ጠዋት 2 ሰዓት የሚመጣ ሰው በደንብ ደርሷል። በዐቢይ ጾም ወቅት የሚጾሙ ሰዎች ለዚህ ምርመራ የተመቹ ናቸው፤ ጠዋት መጥተው ደም ሰጥተው ወደ ቅዳሴ መሄድ ይችላሉ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ከ100 በታች ደህና ነው። 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። በመሃል ያለው፣ ከ100 እስከ 125፣ ለእኔ ትልቁ ወሬ እሱ ነው። በሽታው ገና ደጅ ላይ ነው ያለው፣ ሊመለስም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት በዚህ ደረጃ ላይ የነበሩ ሰዎች ክብደታቸውን ወደ 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ አድርጎ ነበር፤ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ይህ በቀን 30 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ማታ ማታ ለመዝናናት የምንሄደውን መንገድ ትንሽ ፈጠን ብሎ መሄድ በቂ ነው። ሻይ ላይ የሚጨመረውን ሦስት ማንኪያ ስኳርና ለስላሳውን መቀነስም አለበት።

የማህፀን በር ምርመራ ያማል? ሴት ካልሆነች አልመረመርም።

ሴት ባለሙያ ይጠይቁ፤ ይህ ነውርም ቅንጦትም አይደለም። እንደሚፈራው አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሐኪሟ የማህፀን በሩን እያየች አቼቶ የሚመስል ፈሳሽ ትቀባለች፤ ትንሽ ያቃጥል ይሆናል። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ካለ ያ ቦታ ይነጣል። ከተገኘም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ሴትየዋ በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ይህን ምርመራ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው ለዚህ ነው። ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ከያዘ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ ባለባት ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። እነዚህን ሁሉ ዓመታት በሽታው ሊቆም በሚችልበት ደረጃ ላይ ነው። ከግንኙነት በኋላ ደም ማየት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የወገብ ሕመም ጀምሯቸው የሚመጡ እናቶችን ስቀበል፣ አሥር ዓመት ቀድማ አንድ ቀን ብቻ ብትመጣ ኖሮ እያልኩ ነው ወደ ሪፈራል የምልካቸው። አገራችን ውስጥ በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ይህ ነው።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶች፣ ኤችአይቪ ያለባችሁ ደግሞ ከዚያም ቀድማችሁ፣ የእናቶች ክፍል ገብታችሁ ጠይቁ። የወር አበባ ባለበት ቀን አይደረግም። ደህና ከተባላችሁ ካርዳችሁ ላይ የሚጻፈውን ቀጠሮ ጠብቁ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሊሆን ይችላል። ለልጃገረዶች ክትባቱ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሰጠ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲመጡ ልጃችሁን አታስቀሩ። መካን ያደርጋል የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም።

ባሎችም ይህን አንብቡ። ሚስትን መሸኘት፣ ልጆቹን ለአንድ ጠዋት መያዝ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ብዙዎቹ የሚቀሩት ግን በዚህ ነው።

ሀዋሳ ላይ ለሚኖር ሰው የተለየ የሚታይ ነገር አለ?

አለ። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሐይቅ ዳር የሚያጥቡ፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ልጆች በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚራባውን ትል በቆዳቸው ያስገባሉ። ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ጉበትን ይጎዳል፣ ምርመራው የሰገራ ነው፣ መድኃኒቱም አለ። ከሐይቁ ጋር ውሎ ያለው ሰው ሆዱን ባያመውም ይህን ይመርመር።

አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ፣ ሌላ ቀን ጥሬ ሥጋና ክትፎ የምንወድ ብዙ ነን። ኮሶ የሚመጣው ከጥሬው የከብት ሥጋ ነው፤ ምልክቱን ያየ ሰው ሳያፍር ይናገር።

ጥርስ ሌላው ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። ትልቅ ከሆኑ በኋላ በመፋቅ አይለቅም። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ወላጆች የውሃውን ነገር አስመርምሩ።

ሽፈራው እየጠጣሁ ነው። መድኃኒቱን ልተወው?

አይተዉት። ሽፈራው ጥሩ ቅጠል ነው፣ ይጠጡት፤ ነጭ ሽንኩርቱንም ይብሉ። ግን ለሐኪምዎ ይንገሩና መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በየወሩ ይለኩ። ጸበል ለሚሄዱም የምለው ይኸንኑ ነው፤ ኪኒኑን ይዘው ይሂዱ።

ገንዘብ የለኝም።

ግፊት መለካት ካርድ ክፍል አልፎ ጤና ጣቢያ ለገባ ሰው ሁሉ የሚደረግ ነው፤ ካልለኩዎት «ለኩኝ» ይበሉ። የክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ የቲቢና የኤችአይቪ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም ያለ ክፍያ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያውን ይዘው ይምጡ፤ ካልሆኑ መመዝገቢያ ጊዜውን ከቀበሌዎ ይጠይቁ። በቀጥታ ሪፈራል ሄደው ወረፋ ከመጨረስ ከሰፈርዎ ጤና ጣቢያ መጀመር ጊዜም ገንዘብም ያድናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በርዎን ስታንኳኳ ያስገቧት፤ ብዙ ነገር የምትጀምረው እሷ ናት።

ካወቅሁት እታመማለሁ። ባላውቀው አይሻልም?

ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ሳይከፍተው የሄደ ሰው አይቻለሁ። ግን ውጤት በሽታን አያመጣም፤ የነበረውን ነው የሚናገረው። ብቻዎን አይምጡ። የሚወዱት ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ ይስማ፣ የሰማውንም ይጻፍልዎ፤ ሲደነግጡ ጆሮ አይሰማም።

ለልጆችስ?

የክትባት ካርዱን እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ይያዙት። በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠውን የኩፍኝ ክትባት ሁለቱንም ይጨርሱ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ቫይታሚን ኤ በየ6 ወሩ አለ። ክብደታቸውን በየጊዜው ማስለካት የተደበቀ ችግርን ቀድሞ ያሳያል።

ደህና ነህ ተብያለሁ። እንግዲህ ጨረስኩ?

የዛሬው ነው። ነገ ደረትዎን ቢያምዎት፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ቢይዝዎት፣ ሳይጾሙ ቢከሱ፣ ጡት ላይ እብጠት ቢዳብሱ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ።

አባቴ ሆስፒታል አልሄድም ይላል። ምን ላድርግ?

ብዙ ልጆች ይህን ይጠይቁኛል፣ በተለይ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምሽት ፈረቃ ወጥተው በዚያው ወደኛ የሚመጡት። ክርክር አይጠቅምም። «አባዬ፣ ታመሃል» ካሏቸው ይቆጣሉ። «አባዬ፣ እኔ ብቻዬን መሄድ ፈርቻለሁ፣ ሸኘኝ» ብላ ይዛቸው የመጣች ልጅ ነበረች። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እኔ ነኝ የቀረውን የምሠራው፤ «ጋሼ፣ እሷን እየጠበቁ እጅዎን ይስጡኝ እስቲ» እላለሁ። እምቢ ያለኝ እስካሁን የለም።

መምጣት ካልቻሉ ደግሞ መለኪያ ተውሰው እሑድ ከቡና በፊት፣ አቦሉ ሳይቀዳ፣ ቤት ውስጥ ሁላችሁም ተለኩ። ከትንሹ ልጅ ጀምሩ፣ ተራው አባት ጋ ይደርሳል። ቁጥሮቹን ከነቀናቸው ደብተር ላይ ጻፉ፤ ወደኛ ስትመጡ ያንን ደብተር ይዛችሁ ኑ።